«የአንበሳው ጢም»ን በትንሽ መድረክ ማቅረብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ «የአንበሳው ጢም» የተባለውን ተረት በትምህርት ቤት፣ በወጣት ማዕከል ወይም በውጭ አገር በሚገኝ የማኅበረሰብ አዳራሽ ለማቅረብ ለሚያስቡ አነስተኛ የቴአትር ቡድኖች የተዘጋጀ ነው። ጥያቄዎቹ በአዘጋጆች፣ በመምህራንና በወላጆች ዘንድ ተደጋግመው የሚነሡ ናቸው። አንዱን መንገድ ከሌላው መምረጥ በሚያስፈልግበት ቦታ ሁሉ፣ ሁለቱንም እኩል ከማቅረብ ይልቅ የምናምንበትን በግልጽ ጽፈናል።

ከብዙዎቹ ተረቶቻችን መካከል ይህ ለምን ተመረጠ?

ለትንሽ መድረክ የሚመች ተረት ጥቂት ሰው የሚፈልግ፣ ተአምር የማይበዛበት፣ ዋናው ነገሩም ከንግግር ይልቅ በድርጊት የሚታይ ነው። ስንዝሮን የመሰለ ተወዳጅ ተረት ብትወስዱ የባለታሪኩ ቁመት ራሱ ፈተና ይሆናል፤ አሻንጉሊት ካልተሠራለት በቀር አንድ ደህና የጠና ልጅ መድረክ ላይ ወጥቶ «ስንዝር አክላለሁ» ሲል አዳራሹ በሳቅ ይሞላል። ሳቁ ከተፈለገ መልካም ነው፤ ካልተፈለገ ግን ትዕይንቱ እዚያው አበቃ።

በ«የአንበሳው ጢም» እናቱ የሞተችበት ልጅ አባቱ ያገባትን ሴት አልቀበልም ይላል፤ የሠራችለትን አይበላም፣ ስታናግረው አይመልስም። ሴትዮዋ መላ ፍለጋ ወደ አንድ አዋቂ ሽማግሌ ትሄዳለች፤ እርሱም መድኃኒቱን ለመቀመም ከሕያው አንበሳ የተቆረጠ ጢም እንደሚያስፈልገው ይነግራታል። ሥጋ ይዛ ወደ ዱር እየተመላለሰች፣ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እየቀረበች አንበሳውን ታለምደውና ጢሙን ቆርጣ ታመጣለች። ሽማግሌው ጢሙን እሳት ውስጥ ይጥለዋል፤ አንበሳ ያለመደች ሴት ልጅ ማልመድ እንደማያቅታትም ይነግራታል። ለመድረክ ሰው ይህ ታሪክ ከሁሉ በፊት በሁለት አካላት መካከል ያለ ርቀት ቀስ በቀስ ሲጠብ የሚታይበት ነው። ከዚህ በታች ስለ ጭንብልም ሆነ ስለ ወንበር አደራደር የምንሰጠው ምክር ሁሉ የሚነሣው ከዚያ ርቀት ነው።

ተረቱን የሰማነው በተለያየ አነጋገር ነው። የትኛውን እንከተል?

በአንዳንዱ አነጋገር ሴትዮዋ የምትፈልገው የእንጀራ ልጇን ፍቅር ሲሆን፣ በሌላው ደግሞ የቁጡ ባሏን ልብ ማለዘብ ነው። የሚቆረጠውም አንዳንድ ጊዜ ጢም፣ አንዳንድ ጊዜ የጭራ ፀጉር ይሆናል። ጢም ወይስ ጭራ የሚለው ብዙ አያከራክርም፤ ጢም መቁረጥ ሴትዮዋን ከአንበሳው ፊት ለፊት ስለሚያደርሳት ለመድረክ የተሻለ ነው።

ልጅ ወይስ ባል የሚለው ግን ከባድ ምርጫ ነው፤ እኛ ልጁን እንመርጣለን። የባሉ አነጋገር በዛሬ ተመልካች ፊት ሲቀርብ፣ የምትመታን ሴት «ታገሺው፣ አንበሳም ይለመዳል» ብሎ ወደ ቤቷ የመመለስ ትርጉም ሊይዝ ይችላል። ሐዘን ላይ ያለን ልጅ በትዕግሥት መቅረብና ተደባዳቢን መታገሥ አንድ አይደሉም፤ ተረቱ በቃል ሲነገር ልዩነቱ ተደብቆ ሊያልፍ ቢችልም፣ ሥጋ ለብሶ በመድረክ ሲታይ ግን አይደበቅም።

ተውኔቱ ስንት ደቂቃ ይሁን? ስንት ተዋናይስ ይበቃል?

ለልጆች ከሠላሳ አምስት እስከ አርባ አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ እረፍት አያስፈልገውም። ተራኪ፣ ሴትዮዋ፣ ልጁ፣ ሽማግሌውና አንበሳው፣ በድምሩ አምስት ሰው ሙሉ ነው። አባትየው ከመጀመሪያው ትዕይንት በኋላ የሚሠራው ነገር ስለሌለ ሲራራ ነጋዴ አድርጋችሁ በቅሎውን አስጭናችሁ ብትሸኙት፣ ተራኪው ደርቦ ሊጫወተው ይችላል። የእርሱ መሄድ ሴትዮዋንና ልጁን በአንድ ጣሪያ ሥር ብቻቸውን ስለሚያስቀር ታሪኩንም ይጠቅመዋል።

ተራኪ የግድ ያስፈልጋል? ቃለ ተውኔቱ ብቻውን ታሪኩን አይናገርም ወይ?

ሊናገር ይችላል፤ ሆኖም ተራኪውን ባታስወጡት እንመክራለን። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ የማይመልስ ልጅ ጥቂት ነው፤ በዚያች አንዲት ምላሽ አዳራሹ በሙሉ የታሪኩ ተካፋይ ይሆናል። አደጋው ተራኪው ተመልካቹ በዓይኑ የሚያየውን ነገር ደግሞ በአፉ ሲነግረው ነው። «ሴትዮዋ በጣም ፈራች» የሚል ዓረፍተ ነገር በጽሑፉ ውስጥ ካለ ሰርዙትና ፍርሃቱን ለተዋናይዋ ተዉላት። ተራኪው የሚናገረው መድረኩ ማሳየት የማይችለውን ብቻ ነው፤ ክረምት አልፎ በጋ መግባቱን፣ መንገዱ የስንት ቀን እንደሆነ፣ የአገሩን ስም።

ስለ ድምፅም የሚጠይቁ አሉ። አባባ ተስፋዬ፣ ማለትም የመድረክ ተዋናዩ ተስፋዬ ሣህሉ፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለበርካታ ዓመታት ለልጆች ተረት ሲያወሩ የነበረው እንደ ታላቅ ዘመድ ተቀምጠው ነበር። የእርሳቸውን ድምፅ መኮረጅ አያስፈልግም፤ ልጆችን በስብከት ሳይሆን በወሬ መያዝ እንደሚቻል ግን ከእርሳቸው መማር ይቻላል።

አንበሳው ይናገር?

አይናገር። የሚናገር እንስሳ በመድረካችን ላይ እንግዳ ስለሆነ አይደለም። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት ተብሎ የሚጠቀሰው በሩሲያ የተማሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጻፉት «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ሲሆን፣ መነሻው የፈረንሳዊው የላ ፎንቴን የእንስሳት ተረቶች ነበሩ። በዚያ ሥራ እንስሳቱ የሚናገሩት የሰውን፣ በተለይም የሹማምንቱን ጠባይ ለመተቸት ስለነበር በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። እዚያ አውሬው ጭንብል ያጠለቀ ሰው ነው። በእኛ ተረት ግን አንበሳው አንበሳ ነው። አንድ ቃል ከተናገረ ሴትዮዋ ልታግባባው፣ ልትለምነው፣ ልታታልለው ትችላለች፤ ያን ጊዜ ታሪኩ የብልሃት ታሪክ ይሆናል። ዝም ካለ ግን ያላት መሣሪያ ጊዜ ብቻ ነው።

ታዲያ አንበሳውን በአነስተኛ ወጪ እንዴት እንሥራው?

ይህ ከሁሉ በላይ የሚጠየቀው ጥያቄ ሲሆን፣ ብዙ ቡድኖች ጊዜያቸውንና ገንዘባቸውን የሚጨርሱትም እዚሁ ላይ ነው። ሙሉ የአንበሳ ልብስ ማሰፋት አንመክርም፤ ይሞቃል፣ ተዋናዩን ያንከረፍፈዋል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ፊቱን ይሸፍናል። የተሻለው በግንባር ላይ የሚደፋ፣ ከዓይን በታች ያለውን ፊት ክፍት የሚተው ጭንብል ነው። አሮጌ ጋዜጣ ቀዳዶ በዱቄት ሙጫ እየነከሩ በተነፋ ፊኛ ወይም በጎድጓዳ ሳህን ላይ በአራት በአምስት ድርብ መለጠፍ፣ በደንብ እስኪደርቅ መጠበቅ፣ ከዚያ መቀባት ነው። ክረምት ላይ ማድረቂያው ጊዜ ስለሚረዝም ቀድማችሁ ጀምሩ።

ለጎፈሩ ቃጫ ተስማሚ ነው። ቀለሙን በተመለከተ ከውጭ አገር የካርቱን ፊልሞች የተወሰደውን ብርቱካናማ ጎፈር ብትተዉት ደስ ይለናል፤ በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ የሚታወቁት አንበሶች ጎፈራቸው ጥቁር ነው፣ እስከ ደረታቸውም ይወርዳል። ቃጫውን ጥቁርና ጥቁር ቡኒ ነክራችሁ ከትከሻ እስከ ደረት ብታወርዱት ተዋናዩ ሳይንቀሳቀስ እንኳ ግርማ ይኖረዋል።

ጢሙ ራሱ ከኋላ መቀመጫ መታየት አለበት። ስንዝር ያህል ርዝመት ያለው፣ ወፈር ያለ ነጭ የናይለን ክር ከጭንብሉ ጋር ላላ ባለ ስፌት ቢያያዝ በቀላሉ ይለያል። ቢላዋው የእንጨት ይሁን፤ ሥጋው በጥጥ የተሞላ ቀይ ጨርቅ ይሁን። እውነተኛ ሥጋ ይሻላል የሚል ሰው በየቡድኑ አንድ አይጠፋም፤ ዝንቡን እንዲያስብ ንገሩት።

እንቅስቃሴውን በተመለከተ፣ ተዋናዩ በአራት እግር መሄድ የለበትም። ጉልበቱን አጠፍ፣ ጀርባውን ዝቅ አድርጎ ቀስ ብሎ ቢራመድና ዓይኑን ከሴትዮዋ ባይነቅል በቂ ነው። ማግሳት አንዴ ብቻ ይፈቀድለት፤ በየትዕይንቱ የሚያገሳ አንበሳ በሦስተኛው ላይ ማስፈራቱን ያቆማል።

የአንበሳው ትዕይንት ራሱን ይደጋግማል። ተመልካች እንዳይሰለች ብናሳጥረውስ?

እባካችሁ አታሳጥሩት። የታሪኩ ልብ ይኸው ነው፤ «ብዙ ወራት ተመላለሰች» ብሎ ተራኪው በአንድ ዓረፍተ ነገር ካለፈው ጢሙ የተገኘው በነፃ ነው። አሰልቺ የሚሆነው ድግግሞሹ ሳይሆን በድግግሞሹ ውስጥ ምንም የማይለወጥ ከሆነ ነው። አምስት ጉዞ በቂ ሲሆን በእያንዳንዱ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ። በመጀመሪያው ሥጋውን ጥላ አንበሳው ሳይወጣ ትሮጣለች። በሁለተኛው ዛፍ ተከልላ ስታየው እርሱ አያያትም። በሦስተኛው ያያታል፤ ሁለቱም ባሉበት ይደርቃሉ፣ ይህም ዝምታ ተዋንያኑ ከሚችሉት በላይ እስኪመስላቸው ድረስ መርዘም አለበት። በአራተኛው ቁጭ ብላ ትጠብቀዋለች። አምስተኛው የጢሙ ነው። ልምምድ ላይ እያንዳንዱ ጉዞ የሚቆምበትን ቦታ በጠመኔ ወለሉ ላይ አስምሩ፤ ተዋናይዋ በስሜት ተገፋፍታ በሁለተኛው ጉዞ የአራተኛውን መስመር ካለፈች የቀረው ሁሉ ይበላሻል።

በጉዞዎቹ መካከል የቤት ትዕይንት ማስገባት ጥሩ ነው፤ ገበታው ቀርቦ ልጁ ሳይነካው ሲቀር በአጭሩ ይታይ። እዚህ ላይ ደጋግሞ የሚታይ ስሕተት አለ፤ አዘጋጆች አንበሳው እየቀረበ ሲሄድ ልጁንም እያቀረቡት ይሄዳሉ። ለዓይን ያምራል፣ ነገር ግን የሽማግሌውን ቃል ባዶ ያደርገዋል። ልጁ አስቀድሞ ከለመደ ሽማግሌው የሚነግራት አዲስ ነገር ምን ቀረው? ልጁ እስከ መጨረሻው ከማዕዘኑ ንቅንቅ ማለት የለበትም።

በአዳራሻችን ያሉ አንዳንድ ልጆች የእንጀራ እናት አላቸው። ታሪኩ አያስከፋቸውም?

በብዙ ተረቶች የእንጀራ እናት ክፉ ናት፤ ይህ ተረት የተለየው ጀግናዋ እርሷ ስለሆነች ነው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በሌላው በኩል ነው፤ እርሷን ደግ ለማድረግ ሲባል ልጁ ባለጌ እንዳይሆን። እንቢታው ምክንያት ይኑረው። አንድ ሊሠራ የሚችል መንገድ የሟች እናቱን ነጠላ መጠቀም ነው፤ ልጁ ተሸፋፍኖት ይተኛል፣ እንግዳዋ ሴት በቅንነት አጥባ ታሰጣዋለች፣ ልጁም ሲያሸተው የእናቱ ጠረን የለም። ከዚያ በኋላ አለመብላቱን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ሁለቱም እንዳልበደሉ ተመልካቹ አይቷል።

አጠራሩም ይህንኑ ርቀት ይያዝ። ልጁ በመጀመሪያ ሴትዮዋን «እርስዎ» እያለ በክብር ቢያርቃትና ነጠላው የታጠበ ቀን ጭራሽ መጥራቱን ቢያቆም፣ በመጨረሻ የሚወጣው አንድ «አንቺ» ብዙ ይሠራል። ሽማግሌውን ግን እርሷ «አባቴ» እያለች በ«እርስዎ»፣ እርሱ ደግሞ «ልጄ» እያለ ይነጋገሩ።

ሽማግሌው ጠንቋይ መሆኑን ወላጆች ይቃወማሉ። ምን እናድርግ?

ተረቱን «ጠንቋይ» እያሉ የሚያወሩት ብዙዎች ናቸው፤ በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ አካባቢ በሚገኝ አዳራሽ ውስጥ ተቃውሞ ቢነሣ አይገርምም። «መድኃኒት አዋቂ» ወይም «የአገር ሽማግሌ» ማድረግ ታሪኩን በምንም አይጎዳውም፤ ሰውየው ከመነሻው መድኃኒት ለመቀመም አላሰበምና። አሮጊት ሴት ልታደርጉትም ትችላላችሁ። የማይፈቀደው አንድ ነገር ነው፤ ሽማግሌውን የሚጫወተው ሰው ምሥጢሩን አስቀድሞ በፈገግታ ማሳወቅ። ጢሙን ሲጠይቃት የምር ይጠይቃት።

አዳራሻችን ጠባብ ነው፤ መብራትም ይቆራረጣል። እንዴት እናመቻቸው?

ጠባብና ረጅም ክፍል ለዚህ ታሪክ ከሰፊ መድረክ ይሻላል። ከፍ ያለውን መድረክ ተዉትና ተመልካቹን በሁለት ወገን ፊት ለፊት አስቀምጡት፤ መካከሉ ላይ ረጅም መተላለፊያ ይቀራል። በአንደኛው ጫፍ ቤቱ፣ በሌላው ጫፍ የአንበሳው ዋሻ ይሆናል። ሴትዮዋ ያንን መተላለፊያ በተመልካቹ አፍንጫ ሥር ስታልፍ ርቀቱን ሁሉም በእግሯ ይለካዋል፤ አንበሳውን የሚያዩ ልጆችን ፊትም ማዶ ያሉት ያዩታል። ለቤቱ አንድ መሶብና አንድ በርጩማ፣ ለዋሻው አንድ ጋቢ የተጣለበት ጠረጴዛ ይበቃል።

ትርኢቱን ከሰዓት በኋላ በቀን ብርሃን ብታደርጉት የመብራቱ ጭንቀት ይቀራል። እሳት የሚያስፈልገው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ማንደጃ ውስጥ በቀይ ላስቲክ የተጠቀለለ የእጅ ባትሪ አስገብታችሁ ከላዩ ላይ ከሰል ብትበትኑ ፍም ይመስላል። ሻማም ሆነ ኩራዝ ከቃጫ ጎፈር አጠገብ መቅረብ የለበትም።

አልባሳትን በሚመለከት አንድ ነገር እንጨምር። ለበዓል የሚለበሰው ባለ ጥልፍ ቀሚስ ለእንጨት ለቀማም፣ ለዱር ጉዞም፣ ለእርሻም እየተለበሰ በመድረክ ማየት ለምደናል። ጋቢ፣ ያልደመቀ ኩታና ተራ የቤት ቀሚስ ርካሽም ናቸው፣ ለታሪኩም የቀረቡ ናቸው።

ሙዚቃ ይኑረው?

አንድ ማሲንቆ ወይም አንድ ዋሽንት በቂ ሲሆን በአካል የሚጫወት ሰው ካልተገኘ ሙዚቃ አለማስገባት ከቅጂ ይሻላል። በአንበሳው ትዕይንቶች ላይ ከበሮ መምታት የተለመደ ቢሆንም አንመክረውም፤ ከበሮው መፍራት ያለበትን ጊዜ ለተመልካቹ ይነግረዋል፣ ዝምታ ግን ራሱ እንዲፈልገው ያስገድደዋል። ተራኪው በመጀመሪያ የሟች እናቱን እሹሩሩ ቢያንጎራጉር፣ ሴትዮዋም ዜማውን ከልጁ አፍ ሰርቃ በአራተኛው ጉዞ ለአንበሳው ብታሰማው ሁለቱን ዓለሞች ያለ ቃል ያገናኛቸዋል።

ትንንሽ ልጆች አንበሳውን ፈርተው ቢያለቅሱስ?

ትርኢቱ ሳይጀመር አንበሳውን የሚጫወተው ሰው በልጆቹ ፊት ጭንብሉን ያጥልቅ፣ ያውልቅም። ምሥጢሩን አያበላሸውም፤ ልጆች ሰው መሆኑን አውቀው መፍራትን ያውቁበታል። ከአምስት ዓመት በታች ያሉት ከወላጅ ጋር ይቀመጡ።

ልምምዱ ምን ያህል ይፍጅ?

በሳምንት ሁለት ጊዜ ለሚገናኝ ክበብ ስድስት ሳምንት ያህል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ተቀምጦ ለማንበብና ተረቱን በራስ ቃል ደግሞ ደጋግሞ ለማውራት ስጡ፤ ቃለ ተውኔቱን ከዚያ በፊት በቃል ያስጠኑ አዘጋጆች ብዙ ጊዜ የሚያገኙት የትምህርት ቤት ግጥም የሚያነበንብ ልጅ ነው።

በውጭ አገር ያደጉ ልጆቻችን አማርኛ ይሰማሉ እንጂ አይናገሩም። ሊተውኑ ይችላሉ?

በዋሽንግተንም ሆነ በቴል አቪቭ ላሉ ቡድኖች ይህ ተረት የሚመችበት ምክንያት ዋና ዋና ትዕይንቶቹ ቃል ስለማይፈልጉ ነው። አንበሳውና ልጁ ከሞላ ጎደል ዝምተኞች ናቸው፤ እነዚህን ለአማርኛ ለሚከብዳቸው ልጆች ስጡ። ተራኪውን ለሁለት ከፍሎ አንዱ በአማርኛ ሌላው በአገሩ ቋንቋ እንዲተርክ ማድረግ ይቻላል፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን እየተረጎመ ከመከተል ይልቅ ታሪኩን እየተቀባበለ ቢቀጥል ይመረጣል። ትርጉም እንደሚከተል ያወቀ ልጅ አማርኛውን አይሰማም።

መጨረሻው ላይ ተራኪው የታሪኩን ትምህርት ያብራራ?

የሽማግሌው ቃል በቂ ነው፤ ከዚያ በኋላ ስለ ትዕግሥት የሚጨመር ንግግር ሁሉ ትርፍ ነው። ይልቅ አንድ ቃል የሌለው አጭር ትዕይንት ጨምሩ። ሴትዮዋ ወደ ቤት ትመለሳለች፤ ገበታውን እንደ ወትሮው ልጁ ፊት አታቀርብም፤ ራቅ አድርጋ ታስቀምጠዋለች፣ ወደ ኋላም ትሸሻለች። ይህ በመጀመሪያው ጉዞ ለአንበሳው ያደረገችው እንቅስቃሴ ራሱ ስለሆነ ከተመልካቹ መካከል የገባው ልጅ ለጎኑ ይነግራል። ልጁ ተነሥቶ እንዲያቅፋት አታድርጉ፤ «አንቺ» የምትለዋን አንዲት ቃል ከማዕዘኑ ሆኖ ቢያወጣት ይበቃል፤ ለምሳሌ «አንቺስ አትበዪም?» ቢላት። ከዚያ ተራኪው «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብሎ ይዘጋል፤ ዳቦ ለማደል አቅም ያለው ቡድን ይህን አጋጣሚ ባያሳልፍ ጥሩ ነው።

ፈቃድ የምንጠይቀው ማንን ነው?

በሕዝብ አፍ የኖረው ተረት የአንድ ደራሲ ንብረት ስላልሆነ ከአያታችሁ እንደሰማችሁት ተነሥታችሁ ብትጽፉት የምትጠይቁት ሰው የለም። አንድ ጸሐፊ በራሱ አገላለጽ አሳምሮ ያሳተመውን ጽሑፍ ወደ ተውኔት ከለወጣችሁ ግን ሌላ ነው፤ በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል፤ ሥራውን ወደ ሌላ መልክ የመለወጥ ፈቃድም የሚገኘው ከእርሱ ወይም ከወራሾቹ ነው። ከውጭ ቋንቋ የተተረጎመ ተረት ስትወስዱም ዋናው ታሪክ የመቶ ዓመታት ዕድሜ ቢኖረው እንኳ የተርጓሚው አማርኛ የራሱ ጥበቃ አለው። እናንተ የጻፋችሁት ተውኔትም ጥበቃ የሚያገኘው ከተጻፈበት ጊዜ ጀምሮ ስለሆነ፣ ለሌላ ቡድን ስትሰጡት በምን ሁኔታ እንደሰጣችሁ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ተፈራረሙ።